የጎን በር

በአውስትራሊያዋ ከተማችን ያሉ፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡ ሴቶች እናቴን ባነሡ ቁጥር የሚሏት አንዲት ነገር አለች፤ «ካሎ ለባሏ ዘመድ ብላ የሰው ልጅ አደነቆረች።» ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ብለዋታል። በቤተ ክርስቲያን ኩሽና ሰሃን ሲያጥቡ ይላሉ፤ ሠርግ ላይ ይላሉ፤ አሁን ደግሞ ልጆቻቸው ከነሱ ተቀብለው ይላሉ። ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን የምናውቅ አራት ሰዎች ነበርን። አንዷ ባለፈው ዓመት ሞተች። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተናገሩም። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከታመሙ ሕፃናት አፍንጫ የተወሰደ ናሙና ይመጣልኛል፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም፤ የመሰለኝን ካየሁት ጋር አልቀላቅልም። እዚህም እንደዚያው ለማድረግ እሞክራለሁ። ንዴቴን ግን የት እንደምመዘግበው አላውቅም።

እናቴ ካሎላይኔ ቤታችን ውስጥ የሰው ልጆች ትይዝ ነበር። የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያላት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ተቆጣጣሪ የሚመጣባት፣ ደንበኛ የሕፃናት ማቆያ ነበር ቤታችን። ልጆቹ አምስት ነበሩ። እናቶቻቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ባለው የወይን ማሸጊያ ይሠራሉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሠራተኛው ሚኒባስ በራችን ላይ ይቆማል፤ ልጆቹ ይወርዳሉ፤ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ይሄዳል።

በዚያ ዓመት፣ ሙቀቱ በጠናበት በየካቲት፣ ልጆቹን ትውከት ያዛቸው። አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ሁሉንም አዳረሰ፤ እኔንም እናቴንም ጨመረን። ቤቱ ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። በአሥረኛው ቀን እናቴ ሐብሐብ እየቆረጠች ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠችኝና ነጭ ካርቶን ዘረጋችልኝ። የእሷ እንግሊዝኛ ከገበያ አያልፍም ነበር፤ እኔ የትምህርት ቤት ነበረኝ።

«ጻፊ። አንደኛ፤ ትኩሳት ያለው ልጅ አይመጣም። ከለቀቀውም በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ቤቱ ይቆያል።»

«ሙሉ ቀን እስኪመሽ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ከለቀቀው እስከ ነገ ጠዋት። አትጨቃጨቂኝ። ሁለተኛ፤ ያስመለሰው ወይ ያስቀመጠው ልጅ፣ ካቆመለት በኋላ ሁለት ቀን።»

«ያስቀመጠውን በእንግሊዝኛ እንዴት ልበለው?»

«እንዳሻሽ በይው። የሚያነቡት እናቶች ናቸው፤ ሁሉም ይገባቸዋል።»

ሦስተኛው ዓይኑ ለሚያዥ ልጅ ነበር። አራተኛው ሽፍታ ለወጣበት፤ ሐኪም አይቶ ወረቀት ካልሰጠው በቀር አይገባም። አምስተኛው ላይ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ጠዋት የትኩሳት ሽሮፕ የተሰጠው ልጅ አይመጣም። ይህን በትልቁ ጻፊው። ሽሮፕ ትኩሳትን ይደብቃል እንጂ በሽታን አያባርርም። ጎህ ሲቀድ ያጠጡትና እየሳቀ ያመጡልኛል፤ አራት ሰዓት ላይ እኔ እጅ ላይ ይነድዳል። እነሱ ያን ጊዜ ወይን ላይ ናቸው፣ ማን ይጠራልኛል?»

ጻፍኩ። የሐብሐቡ ጭማቂ በክንዷ ላይ ወደ ክርኗ ሲወርድ አላበሰችውም።

«ስድስተኛ፤ የሚያስል ልጅ አይገባም።»

«እስከ መቼ?»

«አይገባም ብያለሁ።»

«ሴሚሲ ሁልጊዜ ነው የሚያስለው።»

«ሴሚሲ የሚል ቃል ከአፌ ወጣ? የሚያስል ልጅ አይገባም። ጻፊና ጨርሺ።»

ጻፍኩ፤ ግን ገባኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሴሚሲ የአባቴ ታላቅ እህት የአክስቴ የላቪኒያ የልጅ ልጅ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ደረቱ እንደ አሮጌ በር የሚንጫረር። ከአምስቱ ልጆች ሁልጊዜ የሚያስለው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ እናቴ አምስት ሕግ ያወጣችው ስድስተኛውን ለመሸፈን ነው፤ ስድስተኛውን ያወጣችው አክስቴን ከቤታችን ለማራቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ስድስተኛው ሕግ ግን የወጣው ለኢላይሳ ነበር። ኢላይሳ ከአምስቱ ልጆች ትንሹ፣ በሰባት ወሩ የተወለደ፣ ከማሞቂያ ሣጥን ወጥቶ ሁለት ወር ያልሞላው፣ ጣቶቹ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሕፃን ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እናቴን ለብቻዋ ጠርታ «ሌላ ልጅ ላይ ጉንፋን የሆነው ነገር፣ እዚህ ልጅ ላይ ጉንፋን አይደለም» ብላታለች። እናቱ ሜሌ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ባል የላትም፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሰላምታ ከነፈጓት ዓመት ሊሆን ነው። እናቴ የልጁን ስም በር ላይ ብትለጥፍ ሜሌ ዳግመኛ መነጋገሪያ ትሆናለች። ስለዚህ ምክንያቱን ሳትጽፍ ሕጉን ብቻ ጻፈች። ሰው እንዳያፍር ብላ የተወችው ያ ባዶ ቦታ ነው ያጠፋን። እያንዳንዱ የራሱን ምክንያት ሞላበት።

ካርቶኑ በፊት በር ላይ በተለጠፈ ማግስት፣ ከሚኒባሱ የወረዱት ሴቶች ተሰብስበው አነበቡት።

«ካሎ መንግሥት ሆነችልን» አለች አንዷ።

«ግብሩን ብቻ ንገሪን፣ ካሎ» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

አክስቴ ላቪኒያ አልሳቀችም። ጣቷን ስድስተኛው ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጽሕፈትሽ ያምራል» አለችኝ።

በኛ ዘንድ የአባት ታላቅ እህት ከአባት ትበልጣለች። በወንድሟ ቤት የምትፈልገውን ስታነሣ ትወስዳለች እንጂ ትጠይቃለች አይባልም። ከዚያ በፊት ለገና የተገዛልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ለጎረቤቷ ልጅ ወሰደችው። አላለቀስኩም። ኮራሁ። ከእኔ ዘንድ የምትወስደው ነገር መገኘቱ ለእኔ ክብር ነበር፤ እንደዚያ ነው የተማርኩት። አባቴን ቪሊያሚን ከቶንጋ ወደ አውስትራሊያ ያመጣችው እሷ ናት፤ ሥራ ያስገባችው እሷ ናት፤ እሷ ስትቆም የሚቀመጥ ወንድም አልነበረም። እናቴ ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ የወንድም ሚስት ናት፤ የወንድም ሚስት አፍ አላት እንጂ ቃል የላትም።

ሚያዝያ መጣ። የወይኑ ለቀማ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አባቴ ወይን ሲያነሣ ወገቡን ተቀጭቶ መኝታ ቤት ተኝቷል። በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባሱ ቆመ፤ ልጆቹ ወረዱ፤ በመጨረሻ አክስቴ ሴሚሲን ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። የሴሚሲ ጉንጮች ቀልተዋል። እናቴ ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ጎንበስ ብላ አፉን አሸተተች። እኔም ከአጠገቧ ነበርኩና ሸተተኝ፤ የእንጆሪ ሽሮፕ። ከዚያ አሳለው። ከሆዱ የሚወጣ፣ እርጥብ ሳል ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬስ አይሆንም» አለች እናቴ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ልጁ ታሟል። ሽሮፕም አጠጥተውታል።»

«ጥርሱ ነው። ጥርስ ሊያበቅል ነው።»

«ይሁን፣ ጥርስም ቢሆን ያስላል። ዛሬ ቤት ይዋልልዎ።»

«ከማን ጋር ነው ቤት የሚውለው? ከድመቷ ጋር?» ከሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት ሳቀች። «ካሎ፣ ይህ ቤት የማን ነው?»

«የወንድምዎ ነው።»

«ከወንድሜ ቤት ነው የምትመልሺኝ?»

እናቴ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር አለች። በሩ በሳሎኑ ማዶ ነው፤ ገርበብ ብሏል። የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አባቴ ነቅቷል፤ ሁሉን ሰምቷል። እናቴ ትንሽ ጠበቀች። ማንም አልወጣም።

«እመልስዎታለሁ» አለች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን አሁንም አስታውሳለሁ። ፊቴን አቃጠለኝ። መኪና ሙሉ ሰው እያየ፣ እናቴ የአባቴን እህት ከበር መለሰች። በእኛ ዘንድ ይህ የቅሌት ቅሌት ነው። እናቴ በኩራት የተነሣ ቤታችንን አፈረሰችው ብዬ አመንኩ። ቆሻሻ የምደፋ መስዬ ባልዲ አነሣሁና በጓሮ ወጣሁ፤ እንባዬን እንዳታይብኝ።

አክስቴ ወደ መኪናው አልሄደችም። በቤቱ ጎን ዞራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጋ ቆማ ነበር። ሴሚሲ ትከሻዋ ላይ አንገቱን ጥሏል።

«ሎሳ።»

«አቤት።»

«የጎኑን በር ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ለምን የሚል ነገር በራሴ ውስጥ አልነበረም። ያን ጊዜ ሃምሳ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ እህት ላለው ወንድም የተወለደች ልጅ ሌላ ምን ታደርጋለች እለው ነበር።

«አልጋሽ ላይ አስተኚው። ከማንም ጋር አይነካካም፤ ይተኛል። እኔ በምሳ ሰዓት እመለሳለሁ።» ከኪሷ የሽሮፑን ጠርሙስ አወጣች። «አራት ሰዓት ሲሆን አንድ ማንኪያ። ሰዓት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ጎበዝ። እናትሽን አታስቸግሪያት፤ ሥራ ይበዛባታል።»

በኋላ የሰማሁትን እዚህ ላይ ልጨምር። የማሸጊያው ባለቤት ሦስት ቀን የቀረ ጊዜያዊ ሠራተኛ ዳግመኛ አይጠራም ነበር። አክስቴ በዚያ ወር ሁለት ቀን ቀርታለች፤ ሁለቱም ቀን ለሴሚሲ ሳል። የሴሚሲ እናት ባሕር ማዶ ኦክላንድ ናት፤ ገንዘብ አትልክም። ሦስተኛውን ቀን ብትቀር እሷም ልጁም የሚበሉት የለም። ይህን ሳውቅ ንዴቴ አልቀነሰም፤ በሁለት ሰው ላይ ተዘረጋ እንጂ። ባለቤቱ ያቺን ሴት ወደ ጎን በር ገፋት፤ እሷ ደግሞ ከሁሉ የምታንሰውን ሰው ፈልጋ አገኘችኝ።

ሴሚሲን አልጋዬ ላይ አስተኛሁት። በአንሶላዬ ሸፈንኩት፤ ከአፉ የማይለየውን የላስቲክ ጡት አጠብኩለት። ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ያበላሸችውን እኔ እያቃናሁ ነበር።

የክፍሌ በር ተከፈተ። አባቴ ነበር፤ ወገቡን በአንድ እጁ ይዞ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ድምፅ ሰምቶ። ሴሚሲን አየው። ሴሚሲ በዚያው ቅጽበት ተነሥቶ ተቀመጠና ፊቱ ደም እስኪመስል ሳለ። አባቴ እሱን አየ፤ እኔን አየ፤ ኪሴ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አየ። ኮሪደሩ ጫፍ እናቴ ኢላይሳን ጡጦ እያጠባች የምታዜመው ይሰማል። አባቴ በሩን በቀስታ፣ መያዣውን እንዳይንቋቋ ጠምዝዞ፣ ዘጋው።

አባዬም ከኛ ጋር ነው አልኩ በልቤ። እንዲያውም ፈገግ አልኩ።

አራት ሰዓት ላይ ማንኪያውን ሰጠሁት። እኔ የተሰጠኝን ሰዓት የማላሳልፍ ልጅ ነበርኩ። ተኛ፤ ተውኩትና በረንዳ ላይ ሌሎቹን ልጆች ቀለም ሳስቀባ ቆየሁ። እናቴ ጓሮ የሕፃናት ጨርቅ ታሰጣለች። አምስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ኢላይሳ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ እንደ ድመት ግልገል ነበር የሚያለቅሰው። ከዚያ ድንገት ዝም አለ። ገባሁ።

ሴሚሲ በኢላይሳ አልጋ ፍርግርግ መካከል ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቷል። የላስቲክ ጡቱን ከራሱ አፍ አውጥቶ ለሕፃኑ አጉርሶታል። ኢላይሳ እየጠባ፣ በትልልቅ ዓይኖቹ ያየዋል። ሴሚሲ እየሳቀ፣ በሳቁ መሐል እየሳለ፣ «ሕፃን፣ ሕፃን» ይለዋል።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ የሚያምር ነገር ያየሁ አልመሰለኝም። እናቴ ይህን ብታይ የምትጸጸት መሰለኝ። ሮጬ ጠራኋት፤ «እማዬ፣ ነይ እዪ፣ ነይ እዪ።»

የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ መጣች። አየች። መቆንጠጫው ወለሉ ላይ ወደቀ። የላስቲክ ጡቱን ከኢላይሳ አፍ አወጣች፤ ሴሚሲን አንሥታ በረንዳ አወጣችው፤ ተመልሳ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች፤ የሕፃኑን ፊትና እጅ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«በየት ገባ?»

«በጎን በር።»

«ማን ከፈተለት?»

«እኔ። አክስቴ ክፈቺ አለችኝ።»

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። ወደ መኝታ ቤቱ ሄዳ ደፉ ላይ ቆመች።

«ሰምተሃል» አለችው አባቴን። «አይተሃልም። እግርህ ኮሪደሩ ላይ ሲጎተት ሰምቼሃለሁ።»

«እህቴ ናት» አለ አባቴ ከውስጥ።

«ሕፃኑስ?»

የአልጋው ሽቦ ብቻ ተንቋቋ።

ማምሻውን ሜሌ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ እናቴ ከመኪናው ሴቶች ለይታ ነገረቻት፤ «ዛሬ የሚያስል ልጅ አጠገቡ ደርሷል። ትንፋሹን እዪ። ከፈጠነ፣ ጡጦ እንቢ ካለ፣ እኔን አትጠብቂ፤ ሐኪም ቤት ሩጪ።» ሜሌ እሺ አለች። ማን አስገባው ብላ አልጠየቀችም፤ ቤቱ የካሎ ነው፤ በሩም የካሎ ነው።

አምስተኛው ቀን እሑድ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው መዝሙር ላይ ሜሌ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ወጣች። የኢላይሳ ደረት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። አምቡላንስ መጣ፤ ከዚያ አውሮፕላን ወደ ሜልቦርን። ሃያ ሦስት ቀን በማሽን ተነፈሰ። ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው አልተረፈም። ከበሽታው ይሁን ከብርቱው መድኃኒት ማንም በእርግጠኝነት አልነገራቸውም።

እንደ ላቦራቶሪ ሰው ብጠየቅ፣ ከሴሚሲ ነው የተያዘው ብዬ አልፈርምም። ያን ጊዜ ናሙና አልተወሰደም፤ ከሱቅም፣ ከሚኒባሱም ሊሆን ይችላል። ቀኑ ግን ይገጥማል፤ ሳሉ ይገጥማል። የላስቲክ ጡቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄዘር የምትባለው የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣች። ሳሎን ውስጥ ነበርን። አክስቴ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አባቴ ከኋላዋ ቆሟል፤ እናቴ ምንጣፍ ላይ ናት። እኔ በመካከል ቆሜ አስተረጉማለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ እኔ እንግሊዝኛ ለማስተርጎም መቆሜ ራሱ ቀልድ ነው፤ አባቴ አሥር ዓመት ከነጭ አለቆች ጋር በእንግሊዝኛ ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው።

ሄዘር ደግ ሴት ነበረች። ካርቶኑን በር ላይ አይታ፣ «ይህን የመሰለ ሕግ ያወጣች ሴት አላጋጠመችኝም» አለች። ከዚያ ብዕሯን አነሣች። «እንግዲህ ንገሪኝ። የሚያስለውን ልጅ ማን አስገባው?»

ተረጎምኩ። እናቴ ወደ አባቴ ቀና ብላ አየች። ሰዓት አልያዝኩም፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ተነሥቶ፣ ሠርቶ፣ እስኪጠፋ ድረስ ግን አየችው። አባቴ ምንጣፉን ያይ ነበር።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት በያት» አለች እናቴ።

በያት እንዳለችኝ አልኩ። በጠራ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አልኩ። ደስም አለኝ። እናቴ በመጨረሻ ሥርዓት ገባት፤ የአባቴን እህት መመለስ እንደማይገባ ተረዳች፤ እኔ የከፈትኩትን በር የራሷ አደረገችው ብዬ ነው የተረዳሁት።

«ሕጉን እያወቅሽ?» አለች ሄዘር።

«እያወቅሁ በያት።»

ሄዘር ጻፈች። ስትጽፍ አክስቴ እጇን ዘርግታ ጭንቅላቴን ደባበሰችኝ። ያን እጅ እስከ ዛሬ ጭንቅላቴ ላይ ይሰማኛል፤ በማበጠሪያ ባበጥረው፣ በሳሙና ባጥበው አይለቅም።

ፈቃዷ ተሰረዘ። እናቴ ወይን ማሸጊያ ገባች። ዘጠኝ ዓመት ሣጥን አሸገች፤ የምትሠራበት ጠረጴዛ አለቃ፣ ቋሚ ሠራተኛ የሆነችው አክስቴ ላቪኒያ ነበረች።

ልጅነቴ ሲያልፍ ሌላ ታሪክ ለራሴ ሠራሁ። እናቴ የዋሸችው እኔን ለማዳን ነው፤ የስምንት ዓመት ልጇ በዚህ ጥፋት እንዳትኖር ብላ ነው አልኩ። በዚህ ታሪክ እናቴን ወደድኳት። ብዙ ዓመት ኖርኩበት።

አምና አክስቴ ሞተች። በቀብሯ እኛ የወንድም ቤተሰብ ነንና ከሁሉ ዝቅ ብለን፣ እንደ ሐዘን ልብሳችን ደንብ ትልልቅ የተቦጫጨቁ የሰሌን ምንጣፎች ወገባችን ላይ ታጥቀን፣ ከቤቱ ኋላ ለአራት መቶ ሰው እናበስል ነበር። እናቴ ከጭሱ መካከል ድስት ታማስላለች። ሁለት ሴቶች ሰሃን ይዘው ሲያልፉ፣ አንዷ ሌላዋን፣ «ያቺ ናት፣ ልጁን ያደነቆረችው» ስትላት ሰማሁ። እናቴም ሰማች።

«እማዬ፣ ያን ቀን እኔን ለማዳን ነው የዋሸሽው?»

«የቱን ቀን?»

«ሄዘር የመጣች ዕለት።»

«አንቺን ከምን? የስምንት ዓመት ልጅ ወህኒ አይወስዱም።» ጨው ጨመረች። «አንቺ ከፈትሽ ብል፣ ማን አዘዘሽ ይሉሻል። ያን ጊዜ የእህቱ ስም መዝገብ ላይ ይገባል። አባትሽ ይህን ፈርቶ ሁለት ቀን ሙሉ ለመነኝ። በዚያ ወገቡ ተንበረከከ።»

«እሺ አልሽው?»

«እሺም አላልኩ፣ እንቢም አላልኩ። ሴትዮዋ ስትጠይቅ እሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁት።» ማማሰያዋን አነሣች። «አየሽ አይደል ስጠብቀው።»

«አይቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት በእጇ ሥር ሠራሽ። አትናደጂም?»

«ተናድጄስ ድስቱን ማን ያማስለዋል?»

ይህን ከሰማሁ በኋላ መተኛት አልቻልኩም አልልም፤ ተኛሁ፤ እየተናደድኩ ተኛሁ፤ እየተናደድኩ ነቃሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወላጆቼ ቤት ሆኜ ለኢላይሳ የስልክ መልእክት ላክሁ። ቤንዲጎ ከተማ የቤት ዕቃ ይሠራል። የእናቱን ቁጥር ጠየቅሁት፤ ለምን ሳይለኝ ላከልኝ።

«ማን ልበል?» አለች ሜሌ።

«ሎሳሊኔ ነኝ። የካሎ ልጅ።»

ስልኩን አልዘጋችም። እኔም በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ሰዓቱን፣ የጎኑን በር፣ ሽሮፑን፣ የክፍሌን በር ማን ከፍቶ እንደዘጋው፣ የላስቲክ ጡቱን፣ ለሄዘር የተባለውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እሷ ዘንድ የሚፈላ ውሃ ይንጨረጨር ነበር።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስምንት።»

«እናትሽን ረግሜያታለሁ። በየጸሎቴ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም።» ማንደጃውን አጠፋች፤ ድምፁ ቆመ። «ላቪኒያ ሞተች አሉ።»

«ሞታለች።»

«አባትሽስ?»

«አለ።»

«ልጁ ሲያስል አይቶ ነው በሩን የዘጋው?»

«እያየው ነው ልጁ የሳለው። አይቶ ዘጋው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ብለሽ ደወልሽልኝ?» አለች ሜሌ። «እሱን አቅርቢልኝ።»

አባቴ ጓሮ፣ ከመኪናው መጠለያ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራግቢ ጨዋታ በራዲዮ ይሰማል። እናቴ ኩሽና ውስጥ፣ ክፍት መስኮት ሥር ሰሃን ታጥባለች። ስልኩን ዘረጋሁለት።

«ማን ነው?»

«ሜሌ ናት። የኢላይሳ እናት።»

እጁን ከጉልበቱ አላነሣም። «ሌላ ጊዜ በያት።»

«ሌላ ጊዜ የለም፣ አባዬ።»

«ምን እላታለሁ?»

«ያየኸውን።»

ራዲዮኑን አጠፋው። ወደ መስኮቱ ዞረ። «ካሎ» አለ፤ ሲቸግረው በሚጠራበት ድምፅ።

«ስልኩ ላንተ ነው» አለች እናቴ። ከሰሃኑ ቀና አላለችም።

ስልኩን ጆሮው ላይ አስጠጋሁት። የሜሌ ትንፋሽ ይሰማል። ክንዴ እስኪዝል፣ እጁን አንሥቶ ራሱ እስኪይዘው ድረስ ያዝኩለት።